ለከረሜላ የሚሆን ቴርሞሜትር፣ በደጋ ወጥ ቤት

ስኳር በውሃ ሟሙቶ ሲፈላ ሙቀቱ የሚናገረው ውስጡ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ነው። በባሕር ወለል 114 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ፈሳሽ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጠብ ሲደረግ በጣት ሲጫኑት የሚላላ ድቡልቡል ይሆናል። 125 ላይ ድቡልቡሉ ይጠነክራል፤ 150 ሲደርስ ውሃው ከሞላ ጎደል አልቆ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከረሜላ ይወጣል። በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ተኝቶ ይቆይና ውሃው ሲያልቅ በፍጥነት ይወጣል። ለዚህ ነው የቴርሞሜትር ምርጫን ከስኳሩ ምርጫ አስቀድሜ የማየው።

የሚለካው ሙቀት ቢያንስ እስከ 200 ዲግሪ መድረስ አለበት። የትኩሳት መለኪያ 42 ላይ ያበቃል፤ ፈሳሹ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። ባለ ክብ ገጹ የሥጋ መለኪያም ብዙ ጊዜ 120 አካባቢ ስለሚያቆም ለኦቾሎኒ ወይም ለሰሊጥ ከረሜላ አይደርስም። ከሩቅ ሆኖ ሳይነካ በጨረር የሚለካው ደግሞ የሚያነበው የላዩን ብቻ ነው፤ እንፋሎትና አረፋ ያሳስቱታል። የቆየ ሜርኩሪ ያለበት የመስታወት ቴርሞሜትር ከተገኘ ወጥ ቤት ባይገባ ይሻላል፤ ከተሰበረ ምግቡም ክፍሉም ይበከላል።

የሚቀሩት ሦስት ናቸው፦ ቀይ ወይም ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መስታወት፣ ባለ ክብ ገጽና ዲጂታል። የመስታወቱ ባትሪ አይፈልግም፤ ግን ዓይንን ከፈሳሹ ጫፍ ጋር ትክክል አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከላይ ወደ ታች ያየ ሰው ሁለትና ሦስት ዲግሪ ይሳሳታል። ባለ ክብ ገጹ ዘንግ የሚለካው በጫፉ ብቻ ሳይሆን ከጫፉ ወደ ላይ እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ባለው ክፍል ነው። ዲጂታሉ ግን ጫፉ ላይ ስለሚለካ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል።

ይህ ልዩነት በቤት ሥራ ላይ ወሳኝ ነው። ግማሽ ኪሎ ስኳር 150 ዲግሪ ሲደርስ የሚቀረው 350 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ወርድ ባለው ድስት ይህ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ 14 ሳንቲ ሜትር ባለው ጠባብ ድስት ሁለት ሳንቲ ሜትር ከምናምን ይሆናል። ስለዚህ ባለ ክብ ገጹ በትንሽ መጠን ግማሹን አየር እየለካ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል፣ ሰውየውም እያቃጠለ አልደረሰም ብሎ ይጠብቃል። በአንድ ኪሎ ለሚሠራ መስታወቱ በቂ ነው፤ በግማሽ ኪሎና ከዚያ በታች ለሚሠራ ያለ ማመንታት ዲጂታሉን እመክራለሁ። ድስቱ ጠባብና ወፍራም ይሁን፤ ጫፉም የድስቱን ሆድ አይንካ፤ የብረቱ ሙቀት ከፈሳሹ ይበልጣልና።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የምግብ አሠራር መጻሕፍት ላይ ያለው የሙቀት ሰንጠረዥ የተጻፈው ውሃ በ100 ለሚፈላበት አገር ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳር በ94፣ ድሬዳዋ በ96 አካባቢ። አዲስ አበባ ላይ ሰንጠረዡን አምኖ 114 ድረስ ያፈላ ሰው በባሕር ወለል 122 እንደደረሰ ያህል ውሃ አጥቷል፤ ለስላሳ ሆኖ የሚታኘክ ያለው ከረሜላ ጥርስ የሚፈትን ይሆንበታል። ቴርሞሜትሩ ግን አልዋሸም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቴርሞሜትሩን ገዝቶ ድስት ውሃ በኃይል ማፍላት፣ ጫፉን በሚገባ አጥልቆ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ፣ ቁጥሩን መጻፍ። ከዚያ ሁሉንም ከእሱ መቁጠር፦ ለልል ድቡልቡል ከ12 እስከ 16፣ ለጠንካራ ድቡልቡል ከ21 እስከ 30፣ ለሚሰበር ከረሜላ ከ46 እስከ 54 መደመር። ውሃው 92 ላይ ከፈላ የኦቾሎኒ ከረሜላ 142 አካባቢ ይደርሳል። መለኪያው ራሱ አንድ ሁለት ዲግሪ ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ በመነሻው ቁጥር ውስጥ ስላለ ይጣጣማል። ሦስት ጊዜ ፈትሾ ሦስት የተለያየ ቁጥር የሚሰጠውን ግን ለሻጩ መመለስ ነው፤ ሊታረም አይችልም። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ከሆነ ፋረንሃይት መሆኑን ማየት ይገባል፤ 300 ፋረንሃይት 149 ሴንቲግሬድ ነው።

ይህ ስሌት የማይሠራው ስኳሩ ቡናማ በሚሆንበት ቦታ ነው። መቅላቱ የስኳሩ የራሱ መለወጥ እንጂ የውሃ መትነን ስላልሆነ ከ160 በላይ ያለው ቁጥር ለደጋም ለቆላም አንድ ነው፤ እዚያ ምንም አይቀነስም።

ከእሳት ማውረድ ከታሰበው ሁለት ዲግሪ ቀድሞ ይሁን፤ ወፍራም ድስት ከወረደም በኋላ ማሞቁን አይተውም። ዘንጉ ላይ የደረቀ ስኳር ካለ ፈሳሹን ሁሉ ወደ ስኳር ቅንጣት ሊመልሰው ይችላል፤ ስለዚህ ከመንከር በፊት በሙቅ ውሃ አጥቦ ማድረቅ። ሲወጣም መስታወቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አለመክተት፤ በሙቅ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ቆሞ ስኳሩ በራሱ ይለቃል።