እማዬ «ወፈረች» የተባለች ሰሞን

ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን ነው። የእማዬ የአንጀት ካንሰር ወደ ጉበቷ ተሠራጭቷል፣ ቤታችን በጠያቂ ተሞልቷል። አንዷ ጎረቤታችን ገና ከበር እግሯን አየችና «ተመስገን፣ ወፈር አልሽ እኮ!» አለች። ሚዛኑም አብሯት ዋሸ፤ በሁለት ሳምንት 3 ኪሎ ጨምራለች። ትከሻዋን ብታዩት ግን አጥንት ብቻ ነው። ቀለበቷ ከጣቷ እየሾለከ ይወድቃል፣ ነጠላ ጫማዋ ደግሞ አልገባ ብሏታል።

ነገሩ የገባኝ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርግ ነው። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ ሊጥ ላይ እንደተጫነ እዚያው ቀረ። ውሃ ነው እንጂ ሥጋ አይደለም። ለምርመራ ደም ሰጠች፣ አልቡሚኗ 2.1 ሆኖ መጣ። ጤነኛ ሰው ከ3.5 እስከ 5 ግራም በዴሲሊትር አለው። አልቡሚን ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ውሃው ከደም ሥር እንዳይወጣ በዋናነት ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። እሱ ሲያንስ ውሃው ወደ ሥጋ ይሰርጋል፤ እግር ያብጣል፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ወገቡም ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ሳንባ ዙሪያ ከተጠራቀመ ደግሞ ደረጃ መውጣት ይቅርና ማውራትም ትንፋሽ ያሳጥራል። የእማዬ ሆድ ስለተወጠረ በሁለት ጉርሻ ትጠግብ ነበር። የእግሯ ቆዳ ሳስቶ ያብለጨልጫል፣ ትንሽ ጭረት እንኳ ቶሎ አይሽርም። ድካሙስ? እሱን ካንሰሩም ኬሞውም ያመጡታል፣ የማን እንደሆነ ማን ይለየዋል።

ከዚያ የቤተሰብ ችሎት ተሰየመ። «ፕሮቲን አነሳት» የሚለውን የሰማ ሁሉ እኛን ከሰሰ። አክስቴ «አላበላችኋትም!» ብላ አለቀሰች። የንስሐ አባቷ እንድትገድፍ ፈቅደውላት እማዬ እምቢ ብላ ስለነበር ጾሙም ተከሰሰ። እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ የበግ መረቁ ይጎርፍ ጀመር። እውነቱን ለመናገር እኔም ሌሊት ሌሊት ራሴን ስከስ ከረምኩ።

በመጨረሻ ዶክተሯን ጠየቅኳት። የምግቡ ማነስ የራሱ ድርሻ አለው፣ ዋናው ግን በሽታው ነው አለችኝ። ካንሰሩ መላ ሰውነትን ያስቆጣል፤ ሰውነት ሲቆጣ ጉበት አልቡሚኑን ቀነስ አድርጎ ሌላ ዓይነት ፕሮቲን ወደ መሥራት ይዞራል፣ ደም ሥሮችም ያለውን ያሾልኩታል። እንቁላል በእንቁላል ብናደርጋት ያ ቁጥር አይነሳም። «በደም ሥር የሚሰጠው አልቡሚንስ?» አልኳት። ለጥቂት ቀን ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል፣ ዋጋውም አይቀመስም።

ስለዚህ ቁጥሩን ማባረር ተውን። እግሯን ትራስ ላይ ከፍ እናደርጋለን፣ ቆዳዋን ቫዝሊን እንቀባለን፣ ጠባብ ካልሲ የለም፣ ቶሎ ቶሎ እናገላብጣታለን፣ ያማራትን ትንሽ ትንሽ ትቀምሳለች። የሚያሸና መድኃኒት በራሳችሁ እንዳትሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ እብጠቱን ሳያጎድል ሰውየውን ያደርቀዋል። አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠና ካመመ ግን የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ወዲያውኑ።

አክስቴ ይህን ሁሉ አስረድቻት «እሺ» አለች፣ በማግስቱም መረቁን በፔርሙዝ ይዛ መጣች። እማዬ ሁለት ማንኪያ ቀመሰችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። «አንተ ጠጣው» አለችኝ፣ «የከሳኸው አንተ ነህ።»