የወረደው ፎቶ

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከግድግዳ ያወረዱት ፎቶ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ነገሩ የሆነው ለገጣፎ ውስጥ ፊዚክስ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ በሳይንስ ዐውደ ርዕያችን ዋዜማ ነው።

ከዋክብት እንዴት እንደሚወለዱ የሚያሳዩ ሦስት ፎቶዎች ሰቅዬ ነበር። ሁለቱ ጥንድ ናቸው፤ ባርናርድ 68 የተባለው የጋዝና የአቧራ ደመና በዓይን በሚታይ ብርሃን እና ዓይናችን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን። በመጀመሪያው፣ ከዋክብት በሞሉት ሰማይ መሐል ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነገር ተጋርጧል። በሁለተኛው፣ ኢንፍራሬድ አቧራውን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ከደመናው ጀርባ የተሸሸጉት ከዋክብት ብቅ ይላሉ።

«ይህን ቀለም ያለቀበት ማተሚያ ነው ያወጣው?» አሉኝ ጥቁሩን እያዩ።

«አይደለም፤ ደመናው ራሱ ነው።»

«መምህር፣ ምንም የማይታይበትን ነገር ለእንግዳ ምን ብለህ ታሳያለህ?»

«የማይታየው እኮ አቧራው ብርሃን ስለሚጋርድ ነው። ኮከብ የሚወለደውም በዚሁ ምክንያት...» ብዬ ስጀምር እርሳቸው ፕላስተሩን በጥፍራቸው ከአራቱም ማዕዘን መላጥ ይዘዋል። ፎቶውን ጠቅልለው አስታቀፉኝና ወደ ኬሚስትሪው ጠረጴዛ አለፉ።

ያላስጨረሱኝ ነገር ይህ ነው። በእንዲህ ያለ ደመና ውስጥ አቧራው ከጠቅላላው ክብደት አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ጋዝ ነው። ነገር ግን ያ ጥቂት አቧራ የውጭ ከዋክብትን ብርሃን ስለሚከለክል የደመናው እምብርት ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀዘቅዛል። ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይደክማል። ግፊቱ ሲደክም የስበት ኃይል ያይላል፤ ደመናው ወደ ውስጥ መደርመስ ይጀምራል። ጨለማው ባይኖር ቅዝቃዜው አይኖርም፤ ቅዝቃዜው ባይኖር ኮከቡ አይወለድም። ባርናርድ 68 ውስጥ ገና ኮከብ የለም። እኔም ተማሪዎቼ እንዲያዩልኝ የፈለግሁት ይህንኑ ከመወለድ በፊት ያለውን ጊዜ ነበር።

ሦስተኛው ፎቶ ቀጣዩን ደረጃ ያሳያል። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያነሳውና በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው፣ ኤል1527 የተባለው ነው። ዕድሜው 100,000 ዓመት ያህል ብቻ የሆነ ጨቅላ ኮከብ፣ በጋዝና በአቧራ ሽፋኑ ውስጥ ተሸሽጎ ከዚያው ከሽፋኑ እየተመገበ ያድጋል። ሃይድሮጂንን ወደ ሂሊየም መለወጥ አልጀመረም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ቁሱ እየወደቀና እየታመቀ ከሚፈጥረው ሙቀት ነው። ከኮከቡ የሚፈናጠረው ቁስ ሽፋኑን ወደ ላይና ወደ ታች ስለቦረቦረው ብርሃኑ በዚያ ያመልጣል፤ መሐል ላይ ያለችው ቀጭን ጥቁር መስመር ደግሞ ወደፊት ፕላኔቶች ሊሠሩበት የሚችል፣ ኮከቡን የከበበ ጠፍጣፋ የጋዝና የአቧራ ዲስክ ከጎን በኩል ሲታይ ናት። እዚህም ዋናው ነገር ያለው ጥቁሩ ላይ ነው!

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። ለማስረዳት የተመደበችው የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ብቻውን የቀረውን የኢንፍራሬድ ፎቶ እያመለከተች «ይህ ደመናው ነው» ስትል፣ አንድ እንግዳ ጠጋ ብለው አዩና «የቱ ደመና? እኔ የማየው ከዋክብት ብቻ ነው» አሏት። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ምክትሉ ፈጠን ብለው «ወደዚህ እንለፍ፣ የውሃ ማጣሪያ የሠሩ ልጆች አሉን» አሉ። ስንት ቀን የተዘጋጀችበት ንግግር እዚያው ቀረ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፣ ልጅቷም መልሱን ታውቀው ነበር።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጥቁሩን ፎቶ ከጓደኛው ጎን ሰሌዳው ላይ ለጥፌ ማብራሪያውን ለእርሷ ተውኩላት። ስትጨርስ ከኋላ አንድ ልጅ «ታዲያ ኮከቡ ከሽፋኑ የሚወጣው መቼ ነው?» አለ። ሽፋኑ ከፊሉ ወደ ኮከቡና ወደ ዲስኩ ወድቆ፣ ከፊሉ ተገፍትሮ እስኪያልቅ ብዙ መቶ ሺህ ዓመታት እንደሚፈጅ እርሷው መለሰችለት።

ለዘንድሮው ዐውደ ርዕይ ሁለቱን ፎቶዎች በአንድ ወረቀት ላይ አሳትሜያቸዋለሁ።