ጌም መሀል ድርግም የሚል ኮምፒውተር፦ ፓወሩ ነው ሙቀቱ?

ኮምፒውተሩ ጌም መሀል ሲጠፋ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ግራፊክስ ካርዱን ነው። ከዚያ በፊት ግን አጠፋፉን ልብ በሉ።

ሙቀት ምልክት ይሰጣል፦ ፋኖቹ ይጮኻሉ፣ ፍሬም ሬቱ ይወርዳል፣ ጌሙ ይንቀራፈፋል። ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳላ፤ አብዛኞቹ ኢንቴሎች 100 ዲግሪ፣ ራይዘን 7000ዎቹ 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ። በሙቀት እስከ መጥፋት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣው ጭራሽ ሥራ ሲያቆም ነው፦ ፋኑ ቆሟል፣ ሂትሲንኩ (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ የሚቀበለው ብረት) ላልቷል ወይም የውሃው ፓምፕ አይዞርም።

ፓወር ሳፕላይ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ግን አያስጠነቅቅም። ከሎዲንግ ወጥቶ ከባዱ ትዕይንት ሲጀምር በአንዴ ድርግም ይላል። ከኋላ ያለውን ማብሪያ አጥፍታችሁ ካላበራችሁ አልነሳም ካለ፣ የፓወር ሳፕላዩ መከላከያ ቆልፎ ሊሆን ይችላል።

ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል አይቶ ፓወር ሳፕላይ ሊገዛ የሚሮጥ አይጠፋም። 41 ግን ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ ገመዱን ብትነቅሉትም ያንኑ ይጽፋል።

ይልቅ ኤችደብሊውኢንፎ (HWiNFO፣ የክፍሎቹን ሙቀት የሚያሳይና የሚመዘግብ ፕሮግራም) ላይ ሎግ አስጀምራችሁ ተጫወቱ፤ ሲጠፋ የፋይሉን የመጨረሻ መስመር አንብቡ። ፕሮሰሰሩም ካርዱም 70 ዲግሪ አካባቢ እያሉ ከጠፋ፣ የእነሱን ሙቀት ተዉት። ከዚያ በአፍተርበርነር (የግራፊክስ ካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም) የካርዱን ፓወር ሊሚት፣ ማለትም የሚወስደውን የኃይል ጣሪያ፣ ወደ 70 ፐርሰንት አውርዱ። መጥፋቱ ካቆመ ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሳፕላዩና ገመዶቹ ይዞራል። የካርዱ ባለ 8 ፒን አንድ ሶኬት የተሠራው ለ150 ዋት ነው። እንደ አርቲኤክስ 3080 ያለ 320 ዋት የሚወስድ፣ ለቅጽበት ደግሞ ከዚያም የሚዘል ካርድ ሁለት ራስ ባለው አንድ ገመድ አይሰካም፤ ሁለት የተለያየ ገመድ ስጡት።

የቤቱንም መብራት አትርሱ። ምጣድ ሲለኮስ አምፖሉ የሚደበዝዝ ከሆነ ቮልቴጁ ወርዷል ማለት ነው። የፓወር ሳፕላዩን መለያ ጽሑፍ እዩ፦ 100–240 ቮልት የሚለው ይህን ይችላል፤ 200–240 ብቻ የሚለው ሊጠፋ ይችላል። ስታብላይዘር «ቀጭ» ሲል ለአፍታ መብራት ያቋርጣል፤ ጥሩ ፓወር ሳፕላይ ያንን 16 ሚሊሰከንድ ያህል ይሸከማል፣ ካፓሲተሩ ያረጀው አይችልም።

ችግሩ ሙቀት ከሆነ የኬዙን ጎን ከፍታችሁ ያንኑ ጌም አስኪዱ። 8 ወይም 10 ዲግሪ ከወረደ ኬዙ አየር አጥሮታል፤ ካልወረደ አቧራና ፔስት (በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሀል የሚቀባውን) ፈትሹ። በብሎወር ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፣ ያለ ልክ መሽከርከር ቤሪንጉን ይጎዳል። ፔስቱ የአተር ፍሬ ካከለ ይበቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ያው ፋን በያው ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የውጭ ዩቲዩበሮች የሚያሳዩት ዲግሪ እናንተ ጋ ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጡ።

አዲስ ፓወር ሳፕላይ ከመግዛታችሁ በፊት ደህናውን ተውሳችሁ ሞክሩ። ሞጁላር (ገመዶቹ የሚነቀሉ) ከሆነ ከነገመዶቹ ተዋሱት፤ በፓወር ሳፕላዩ በኩል ያለው የፒን አሰላለፍ ከምርት ምርት ስለሚለያይ፣ የራሳችሁን የድሮ ገመድ ብትሰኩበት ዲስኩን ወይም ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል።