ዘይትና ዱቄት ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ጥያቄም ያዙ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለዘመን መለወጫ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! በሀገር ቤት ችቦ ለመለኮስ የተዘጋጃችሁ፣ በውጭ ሀገር ደግሞ በዓሉ የሥራ ቀን ላይ ውሎባችሁ ማታ ቡና አፍልታችሁ የምትቀበሉት ሁሉ፣ ዓመቱ የጤናና የሰላም ይሁንላችሁ። ባለፈው ዓመት ሰው ያጣችሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሐዘን በበዓል ቀን ይብሳልና እናንተን ለብቻ አስቤአችኋለሁ።

በዚህ ሰሞን የምልክላችሁ መልእክት አጭር ነው። ዘንድሮ ግን ክረምቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የከረመ ጉዳይ ስላለ ትንሽ ታገሡኝ።

ክረምት በመጣ ቁጥር በየወረዳው ያሉ ወጣቶች አካፋና መዶሻ ይዘው ይወጣሉ። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይባላል። የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፤ የዛገው ቆርቆሮ ይነቀላል፣ ያዘመመው ግድግዳ ይቃናል፣ ጳጉሜን ሲገባ ቁልፍ ርክክብ ይደረጋል። በዓሉ ሲደርስ ደግሞ ማዕድ ማጋራቱ ይከተላል፤ ዘይት፣ ዱቄት፣ አንዳንዴም ዶሮና እንቁላል ይታደላል። ይህን የማጣጥልበት አፍ የለኝም። የሐምሌን ሌሊት በሚያፈስ ቤት ውስጥ ባልዲ ሲያፈራርቁ ያነጉ እናት፣ ደረቅ ጣሪያ ምን ማለት እንደሆነ ከማናችንም በላይ ያውቁታል።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። በእነዚህ ሁሉ መርሐ ግብሮች ውስጥ ለአረጋውያኑ የተተወላቸው ድርሻ መቀበል ብቻ ነው። ይቀበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ቤቱን ያደሰው ወጣት የባለቤቱን ስም እንኳ በቅጡ ሳይዝ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። እኒያ አባት ዕድሜ ልካቸውን አናጺ የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የራሳቸው በር በየት በኩል ቢከፈት እንደሚሻል ከልጆቹ ሁሉ ይልቅ እርሳቸው ያውቃሉ። ግን «አባባ፣ እርስዎ በረንዳው ላይ ዐረፍ ይበሉ» ተብለዋል። ለክብራቸው ተብሎ ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። ቢሆንም በገዛ ቤታቸው ሥራ እንግዳ ሆነው ዋሉ።

የበዓላችን ሥርዓት እንዲህ አልነበረም። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲሆን ልጆች ጅራፋቸውን አጩኸው፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ደጃፍ ይቆማሉ። የቤቱ እመቤት ሙልሙል ይዘው ይወጣሉ። ልጆቹ ቤቱን መርቀው፣ እነርሱም ተመርቀው ይሄዳሉ። ወር ሳይሞላ ተራው የሴቶቹ ልጆች ይሆናል፤ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሣርና አደይ አበባ ይዘው በአበባየሆሽ ይመጣሉ። ወንዶቹ በቀለም የሣሉትን ሥዕል ያዞራሉ። (መልአክ መሣል የሚችል ልጅ በሰፈራችን ባለጸጋ ነበር፤ እኛ ሌሎቻችን በፀሐይና በአበባ ነው የኖርነው።) ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ልጅ የማያውቀውን አረጋዊ በር ማንንም ሳያስፈቅድ የሚያንኳኳባቸው ቀኖች እነዚህ ናቸው። ደግሞም ማንም ተረጂ ሆኖ አይቀርብም። ልጁ ዜማውን ወይም ሥዕሉን ያመጣል፣ ትልቁ ሰው ዳቦ ወይም ብር ከምርቃት ጋር ይሰጣል። ዓመቱን ሙሉ እርዳታ ሲቀበሉ የቆዩት እናት እንኳ በዚያች ቀን ሰጪ ናቸው። በጀት የለው፣ ባነር የለው፣ የመክፈቻ ንግግር የለው።

አሁን የሚያንኳኳው ልጅ እያነሰ ነው። ግቢው ጥበቃ አለው፤ ወላጅ ልጁን መላክ ይፈራል፤ ሁሉም የየራሱ በቂ ምክንያት አለው። በዕድሩም ቢሆን ድሮ ድንኳን መትከልና አግዳሚ መሸከም የወጣቱ፣ ዳኝነትና ምክር የሽማግሌው ነበር። ዛሬ ብዙ ወጣት መዋጮውን በስልኩ ልኮ ይገላገላል፤ ወርሃዊው ስብሰባ ላይ እነዚያው ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ።

ወጣትና አረጋዊን በአንድ ክፍል ያስቀመጠ ትልቅ ሥራ በታሪካችን ውስጥ ቢፈለግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀድሞ ይመጣል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በ5 ቋንቋዎች ተጀመረ፤ በኋላ ቋንቋዎቹ 15 ደረሱ፤ በአውሮፓውያኑ 1980 የዩኔስኮን ሽልማት አግኝቷል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አያቱን በሚያህሉ ሰዎች ፊት ቆሞ ሀ ሁ ያስቆጥር ነበር። ግዴታም ነበረበት፤ ሳይወዱ ደብተር ይዘው የተቀመጡ ብዙዎች ናቸው፤ የቀይ ሽብር ቁስልም ገና አልደረቀም ነበር። ይህን ሸፍኜ ዘመኑን አላወድስም። ነገር ግን ያኔ ገጠር ዘምተው ያስተማሩ ሰዎችን ጠይቁ። የሚያወሩላችሁ ስላስተማሩት ፊደል ብቻ አይደለም። የከተማው ልጅ ማታ ያስተማራቸው ሰዎች፣ ቀን እርሱን ያስተምሩት ነበር፤ በሬ እንዴት እንደሚጠመድ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሰማዩ ምን እንደሚመስል፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት እንዴት እንደሚነገር። ዘመቻው ያላቀደው ትምህርት ነው፤ ለእኔ ትልቁ እርሱ ነው።

ፈረንጆቹም በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። በኔዘርላንድስ ዴቬንተር ከተማ ሁማኒታስ የተባለ የአረጋውያን መኖሪያ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ያለ ኪራይ ያኖራል። ተማሪዎቹ በምላሹ በወር 30 ሰዓት ለአረጋውያኑ ጥሩ ጎረቤት መሆን አለባቸው። ያገሬ ሰው ቢሰማ «ጎረቤትነት በሰዓት?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። እኔ ግን በበኩሌ አልሳቅኩም። የእኛ ጎረቤትነት በነጻ ሆኖ እንኳ እየቀረ ነውና።

እስራኤል ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የእናንተው የቤተ እስራኤላውያን በዓል ስግድ፣ ከአይሁድ የስርየት ቀን ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ይጠብቃችኋል። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በአውሮፓውያኑ 2008 ብሔራዊ በዓል ብሎ ደንግጎታል። እኔን የሚገርመኝ ሕጉ ሳይሆን ኢየሩሳሌም ላይ የሚሆነው ነገር ነው። ቄሶቹ በጥላ ሥር ቆመው ኦሪቱን በግዕዝ ሲያነቡ፣ ዕብራይስጥ አፉን የፈታበት ወጣት ምን እንደተባለ አጠገቡ ያሉትን አያት መጠየቅ አለበት። በሌላው ቀን ደብዳቤ የሚያነብላቸው፣ ክሊኒክ የሚያስተረጉምላቸው እርሱ ነው። በዚያ ቀን ተርጓሚዎቹ እነርሱ ናቸው።

ወደ እኛ መንደር ልመለስ። በጋራ መኖሪያ ግቢያችን ያለው የጋራ መገልገያ ሕንፃ፣ ኮሚናል የምንለው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለአረጋውያንና ለተማሪዎች ይከፈታል። መጀመሪያ የስልክ ትምህርት ነበር፤ የባንክ መልእክት ማንበብ፣ ቴሌብር መጠቀም፣ ውጭ ካለ ልጅ ጋር በምስል መነጋገር። ወጣቶቹ አስተማሪ፣ ትልልቆቹ ተማሪ። ለጥቂት ሳምንታት ደኅና ሄደ፤ ከዚያ ትልልቆቹ አንድ ሁለት እያሉ መቅረት ጀመሩ። አይፈረድባቸውም። በየሳምንቱ «እሱን ሳይሆን ይሄኛውን ይጫኑ» እየተባለ መዋል ማን ይፈልጋል?

ነገሩን ሳያስቡት የቀየሩት አንዲት እናት ናቸው። ተራቸው እስኪደርስ እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ባዘቶና እንዝርት በትንሽ ሙዳይ ይዘው መጡ። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አንዴ አሽከርክረው ሲለቁት፣ ከግራ እጃቸው ባዘቶ ክሩ እየቀጠነ ይወጣል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ስልኩን አስቀምጣ ታያቸው ጀመር።

«እማማ፣ ልሞክረው?»

ሰጧት። ክሩ ተበጠሰ። ቀጠሉላት፤ ደግሞ ተበጠሰ። «አትሳቢው የኔ ልጅ፤ እንዝርቱ ሲዞር አንቺ ልቀቂለት እንጂ» አሏት። በሦስተኛው አንድ ስንዝር የምታህል፣ አንዱ ጋ ወፍራም አንዱ ጋ ቀጭን የሆነች ክር ወጣች። ልጅቷ ፎቶ አነሣቻት። የጋቢ ማግ በእጅ እንደሚፈተል አታውቅም ነበር፤ ጋቢ ግን ቤታቸው ሞልቷል።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሌሎች ልጆች ጥጥ ገዝተው መጡ። ጡረታ የወጡ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደግሞ የተቃጠለ የምጣድ ሽቦ እንዴት እንደሚቀየር ማሳየት ያዙ፤ ግቢው ውስጥ የተበላሸ ምጣድ ያለው ሁሉ አሁን ቅዳሜን ይጠብቃል። የስልኩ ትምህርት አልቀረም፤ እንዲያውም አሁን ነው የገባቸው። እኒያ እናት ዱባይ ላለችው ልጃቸው ራሳቸው በምስል ደውለው ተማሪያቸውን ከነእንዝርቷ አሳይተዋታል።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በበዓሉ ሰሞን መቄዶንያን ወደመሰሉ ማዕከላት የምትሄዱ ብዙዎች ናችሁ። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መሪ ቃሉን የማያውቅ የለም። ሂዱ፣ የያዛችሁትንም ስጡ። ግን ዕቃውን አስረክባችሁ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ አትመለሱ። አንድ ሰው አጠገብ ተቀመጡና ሥራቸው ምን እንደነበር ጠይቁ። ቢቻላችሁ ደግሞ እውነተኛ ችግር ይዛችሁላቸው ሂዱ፤ ያልቆመ ጠላ፣ የማይስማማ ወንድም፣ አልገጥም ያለ በር። ዕድር የምትመሩ፣ ወጣቶቹን ለሚቀጥለው ክረምት ስታደራጁ ቤቱ ከሚታደስላቸው ሰው ጋር አስቀድማችሁ ቡና ጠጡና በሩ በየት በኩል ይሁን በሉ። ኦክቶበር 1 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በአውሮፓውያኑ 1990 የሰየመው የዓለም የአረጋውያን ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል። የበዓሉ ግርግር ካለፈ በኋላ ስለሆነ ጊዜ የለኝም ማለት አይቻልም።

ለከተማ ነዋሪዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ ባንክ ሳይዘጋ ዝርዝር ብር አውጡ፤ አበባየሆሽ የሚሉ ልጆች ቴሌብር የላቸውም። የግቢያችሁን ጥበቃም ዛሬውኑ አነጋግሩት፤ ልጆቹን ከበር እንዳይመልስ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ያሉባቸውን ፎቆችም እንዲጠቁማቸው።

መልካም አዲስ ዓመት!