ጎርኪ የሚኖረው ሰው

በ1979 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር የሳይንስ ክበቡን የግድግዳ ጋዜጣ የማዘጋጀው እኔ ነበርሁ። የኅዳሩ እትም የአቶም ኒውክሊየሶችን አዋሕዶ ኃይል ለማመንጨት ስለታሰበው ማሽን፣ ስለ ቶካማክ፣ የሚያወሳ በመሆኑ፣ የጋለ ፕላዝማን (አቶሞቹ ኤሌክትሮን የተነጠቁበትን ጋዝ) በመግነጢስ መስክ አግዶ የመያዝን ሐሳብ ያፈለቁት ኢጎር ታም እና አንድሬ ሳኻሮቭ መሆናቸውን ከሥዕሉ ግርጌ ጻፍሁ።

ጽሑፉን ሳይለጠፍ የሚመረምረው የርዕዮተ ዓለም ኃላፊያችን ቀይ እስክሪብቶውን ሁለተኛው ስም ላይ አሳረፈ።

«ጓድ መምህር፣ ይህ ሰው በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«ጎርኪ።»

ፊቱ በራ። «በታላቁ የአብዮት ደራሲ ስም በተሰየመችው ከተማ! ታዲያ ይህንን ለምን አልጻፍህም?» ብሎ ፈረመበት።

አልዋሸሁም። ሳኻሮቭ በ1945 ዓ.ም. የተሞከረውን የሶቪየት ሃይድሮጂን ቦምብ ከሠሩት ዋነኞቹ አንዱ ሆኖ ሦስት ጊዜ «የሶሻሊስት ሥራ ጀግና» ተብሎ ከተሸለመ በኋላ፣ ስለ ሐሳብ ነጻነት በመጻፍና ለታሰሩ ሰዎች በመሟገት መንግሥቱን አስቀይሞ፣ የጦሩን አፍጋኒስታን መግባት ሲቃወም ደግሞ በጥር 1972 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ያኔ የውጭ አገር ሰው ወደማይገባባት የሶቪየት ከተማ ጎርኪ በግዞት ተልኮ፣ በር ላይ ፖሊስ ቆሞበት ይኖር ነበር። ይህን ማታ ማታ ድምፁን ቀንሼ ከምሰማው ራዲዮ አውቃለሁ። ለወዳጆቼ ሳወራው ግን መልሴን ጀግንነት አስመስዬው ኖሬአለሁ፤ እርሱ በገዛ ስሙ ሲጽፍ እኔ የከተማ ስም መጥራቴ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ጋዜጣው ላይ በምላጭ የተቆረጠ ቀዳዳ አገኘሁ። ታም ብቻውን ቀርቶአል።

«ምስጥ ነው፤» አለ ኃላፊው፣ ዐይኔን ሳያይ።

«ማንበብ የሚችል ምስጥ?»

«የድሬዳዋ ምስጥ ብዙ ነገር ይችላል፤ አንተም ብትጠነቀቀው ይሻልሃል።»

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ክፍል ውስጥ ስለ ቶካማክ የጠየቀኝን ተማሪ ሁሉ ወደ ሌላ ርዕስ መራሁት።

ታኅሣሥ 7 ቀን የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ራሱ፣ ከአንድ ቀን በፊት እቤቱ በተተከለለት ስልክ ደውሎ፣ ሳኻሮቭን ወደ ሞስኮ እንዲመለስ ነገረው። ወሬው እስኪጠራ ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ግን ኃላፊያችን በቀዳዳው ልክ የተቆረጠ ወረቀት ይዞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። በራሱ እጅ «አንድሬ ዘካሮቭ» ብሎ ጽፎበታል። ስሕተቱን አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ለጠፍሁት።