ሦስተኛ ወር፦ ማውዙ መሳቢያ ገባ

ባለፈው ወር "ኮምፒውተር በጆሮ ብቻ መጠቀም ጀመርኩ" ብዬ ጉራዬን ነዝቼባችሁ ነበር። ውሸቴን ነው። በቀረችኝ የዓይን ጭላንጭል የማውዙን ቀስት እያሳደድኩ፣ አፍንጫዬን ስክሪኑ ላይ ለጥፌ ነበር የምሠራው። በእኛ በድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር ሙቀት ላይ የራስ ምታት ተጨምሮበት፣ አቦ አይነሳ! እህቴ ሲመራት ማውዙን ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ኤንቪዲኤ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልኝ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው አውስትራሊያዊው ማይክል ከረን ራሱ ዓይነ ስውር ነው። ማውዝ የማያስፈልገው ለዚህ ይሆናል። እኔ ግን አንድ ዜና ለመስማት በታች ቀስት መስመር በመስመር እየወረድኩ ማስታወቂያውን ሁሉ እጠጣ ነበር። አሁን ኤችን ስጫን ከርዕስ ርዕስ እዘላለሁ፤ ኬ ሊንክ፣ ቢ በተን፣ ኢ ደግሞ መጻፊያ ሳጥን ላይ ያደርሰኛል። ሳጥኑ ውስጥ ስገባ ፊደሎቹ ተመልሰው ፊደል ይሆናሉ። ካልሆኑ ኢንሰርትና ስፔስ መጫን ነው። ይህን ሳላውቅ ስሜን ስጽፍ ገጹ ውስጥ ስዘል ውዬአለሁ።

ችግሩ ሁሉ ግን የእኔ አይደለም። ገጹን የሠራው ሰው ርዕሱን በኮዱ ውስጥ "ርዕስ" ብሎ ሳይሰይም አድምቆና አተልቆ ብቻ ከተወው፣ ኤች የሚያገኘው ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት አንድ የምዝገባ ቅጽ ሞልቼ ስጨርስ የሰማሁት "በተን፣ በተን፣ በተን" ነው። ስም የላቸውም። ሁለተኛውን ሞከርኩ፤ የሞላሁትን ጠራርጎ አጠፋው።

አማርኛው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ኤንቪዲኤ የሚያነብበት የኢስፒክ ድምፅ ቆርቆሮ ይመስላል፤ እሱን ለመድኩት። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይምና "ዋና ገጽ" የሚለውን የመዋኛ ገጽ አድርጎ ያነብልኛል። በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ አገር ዋና! ከዚህ የባሰው ሰ እና ሠ ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ጆሮ አይለያቸውም። ማመልከቻዬን እህቴ ስታየው አንዱ መስመር ላይ "ሥራ"፣ ቀጥሎ "ስራ" ብያለሁ። የሚያዩትም ያምታቱታል ብላችሁ አጽናኑኝ።

የንባቡን ፍጥነት ከ100 40 አድርሻለሁ። ከዚያ በላይ የንብ ቀፎ ይሆንብኛል።

አሁን ሠንጠረዥ ላይ ነኝ። ቲ ያስገባኛል፤ ኮንትሮልና ኦልት ከቀስት ጋር ከሴል ሴል ያዘዋውረኛል። አምስተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ግን የትኛው ዓምድ ውስጥ እንዳለሁ ይጠፋኛል። እናንተ እንዴት ነው የምትይዙት?