ጣርማ በር ላይ መንገዱ ሲከፈል

በማለዳ ከደብረ ብርሃን የተነሣው ሚኒባሳችን ጣርማ በር ሲደርስ ጉሙ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ስለነበር ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ይነዳ ጀመር። ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ጋ ሳይደረስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀጥታው በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ወደ ደሴ ያመራል፣ የግራው ወደ መንዝ ይወጣል። ኢኮኖሚክስ የማስተምር ሰው ስለሆንሁ በዚህ መታጠፊያ ባለፍሁ ቁጥር አንድ ሽልማት ትዝ ይለኛል።

ብዙዎች «የኢኮኖሚክስ ኖቤል» የሚሉት ይህ ሽልማት በአልፍሬድ ኖቤል ኑዛዜ ውስጥ የለም። ኖቤል በ1895 እ.ኤ.አ. የተናዘዘው ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪ፣ ለሕክምና፣ ለሥነ ጽሑፍና ለሰላም ነበር። የኢኮኖሚክሱን የስዊድን ማዕከላዊ ባንክ በ1968 እ.ኤ.አ. 300ኛ ዓመቱን ሲያከብር በኖቤል መታሰቢያነት አቋቋመው፤ በቀጣዩ ዓመትም ኖርዌያዊው ራግናር ፍሪሽና ሆላንዳዊው ያን ቲንበርገን የመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች ሆኑ። በ1974 እ.ኤ.አ. የተሸለመው ፍሪድሪክ ሃየክ «አማክረውኝ ቢሆን ይቅር እል ነበር» የሚል ሐሳብ በእራት ግብዣው ላይ ተናግሯል፤ ሽልማቱን ግን ተቀብሏል።

የደሴው መንገድ የ1998ቱን እ.ኤ.አ. ተሸላሚ የአማርትያ ሴንን ጥናት ያስታውሰኛል። ሴን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም.ን የወሎ ረሃብ ሲመረምር የደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጫን እንደነበር አሳይቷል። ገበሬውን የጨረሰው የመግዣ አቅም ማጣቱ ነበር።

እኛ ወደ ግራ ታጠፍን። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የጓሳ ሜዳ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። በርኖስ የደረቡ አንድ ሽማግሌ የጓሳ ሣር በመዳፋቸው እያሹ ገመድ ይገምዱ ነበር።

«አባባ፣ ድሮ ሣሩ ሳይደርስ የገባ ሰው ምን ይደረግ ነበር?»

«ማን ደፍሮ፣ ልጄ! አለቃው ቀን ሳይቈርጥ ማጭድ የያዘን አገር ይፈርድበታል ይሉ ነበር አባቴ።»

ሜዳው ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይቆይና ሲከፈት በቅድሚያ ሣሩ ይታጨድ ነበር፣ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነበር። ሽልማቱ በተቋቋመበት ዓመት አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ጋሬት ሃርዲን የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ጽፎ ነበር። ይህን ሐሳብ የሞገተችው ኤሊኖር ኦስትሮም የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ነበረች፤ የስዊስ ተራራ ግጦሽንና የስፔን መስኖን መርምራ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ ሀብታቸውን ጠብቀው መኖር እንደሚችሉ በማሳየቷ በ2009 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋ ሴት ተሸላሚ ሆነች። አንዲት ሴት እስክትሸለም አርባ ዓመት መቆየቱ ያስገርመኛል።

የጋራ ሀብት ጸንቶ እንዲኖር ኦስትሮም ከዘረዘረቻቸው መመዘኛዎች የመጀመሪያው የባለመብቱ ማንነት ተለይቶ መታወቁ ነው። ሽማግሌውን ሌላው ሰውስ ያጭድ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነማ ምን አለው?» አሉኝ የባለርስቶቹን ሁለት ቀደምት አባቶች ስም ጠርተው፣ ገመዱን በጥርሳቸው ነክሰው እያጠበቁ።